ከራስ ጋር መሽቀዳደም፤ ስለ መንገድ ሩጫና ስለ ሰዓት ታሪክ

ሰው ከሰው ጋር በእግሩ መሽቀዳደም የጀመረበትን ዘመን ለይቶ ለመናገር አይቻልም። እረኛ ከእረኛ፥ መልእክተኛ ከመልእክተኛ፥ ወታደር ከወታደር ጋር ሲሽቀዳደም ኖሯል። በነዚህ ሽቅድምድሞች ሁሉ የሚጠየቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም «ማን ቀደመ?» የሚል ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ በየዓመቱ በኅዳር ወር በሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ከሚሰለፈው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ማንንም ለመቅደም አያስብም። ከመካከሉ አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ጎሕ ሲቀድ እየተነሣ የሚደክመው አምና በ58 ደቂቃ የጨረሰውን መንገድ ዘንድሮ በ56 ደቂቃ ለመጨረስ ነው። ይህ ሰው የሚሽቀዳደመው ከራሱ ጋር ነው፤ የሚፈልገውም ሯጮች የግል ምርጥ ሰዓት የሚሉትን ነው። እንዲህ ያለው ሽቅድምድም ከአባቶቻችን የወረስነው ሳይሆን ዕድሜው አጭር የሆነ ነገር ነው። ሰው ከራሱ ጋር ለመሽቀዳደም ይችል ዘንድ አስቀድሞ መንገዱ በትክክል መለካት ነበረበትና፥ የመንገዱ ልኬት ታሪክ ደግሞ ከሚታሰበው ይልቅ ረዥምና ውጣ ውረድ የበዛበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

የዘመናዊው ኦሎምፒክ የመጀመሪያ ማራቶን የተሮጠው ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የሚቈጥር አንባቢ ከዐድዋ ድል 40 ቀን በኋላ መዋሉን ያገኛል፤ ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው ባይኖርም ዘመኑን ለማስታወስ ይረዳል። ከማራቶን መንደር ተነሥቶ አቴና በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የደረሰው ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ አሸነፈ። የሮጠው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። «ገደማ» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ማንንም አላስከፋም። በ1892 ዓ.ም. በፓሪስ የተሮጠው ማራቶን 40.26፥ በ1912 ዓ.ም. በአንትወርፕ የተሮጠው ደግሞ 42.75 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚቀበለው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የተገኘው በ1900 ዓ.ም. በለንደን ከተደረገው ኦሎምፒክ ነው፤ ውድድሩ ከዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ በስታዲየሙ ውስጥ ንጉሣውያን ቤተሰብ ከተቀመጡበት ፊት ለፊት እንዲያበቃ ስለ ተፈለገ ርቀቱ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። በ1913 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ይህንኑ ርቀት ሕግ አድርጎ አጸደቀው። ከዚያ በፊት አንድ ሯጭ ከአንዱ ማራቶን ወደ ሌላው መሻሻሉን ለማወቅ ቢፈልግ የሚመልስለት አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ጐዳና የተደረገ አንድ የማራቶን ውድድር አለ። ከሮማው ድል ጥላ ሥር ስለ ወደቀ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ በዚህ ውድድር ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ነበር። በዚያን ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን ምርጥ ሰዓት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሔልሲንኪ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ሔልሲንኪ ግን በባሕር ዳር የተቀመጠች ናት። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንና ሯጩ ወደ ሮማ ሲሄዱ ይህን ቍጥር ይዘው ነው የሄዱት። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው የሮማው ድል ዓለምን ያስደነቀው ዓለም ይህን የአዲስ አበባ ሰዓት ስላልተመለከተው ነው። ለሚመለከተው ሰው ወሬው አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ በሮማ ጐዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በቈንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር በችቦ ብርሃን ሲገባ ሰዓቱ 2 ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ዘግይቶ ተከተለው። ከሁለት ዓመት በፊት ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ በስቶክሆልም ያስመዘገበውን የዓለም ምርጥ ሰዓት አበበ ያሻሻለው አንድ ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት ነው። የሮማና የስቶክሆልም መንገዶች እኩል መለካታቸውን በሰከንድ ያህል ጥንቃቄ ሊያረጋግጥ የሚችል ግን በዘመኑ አልነበረም። ስለዚህ ነው የአትሌቲክስ ሕግ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ በማራቶን «የዓለም ምርጥ ሰዓት» እንጂ «የዓለም ሬኮርድ» የሚል ስም ሳይሰጥ የቈየው።

አበበ በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ከማሞ ወልዴ ጋር ሆኖ ብዙ መንገድ ከመራ በኋላ በዳገቱና በብርዱ ነፋስ ተሸንፎ 5ኛ ወጣ፤ ሰዓቱም 2 ከ24 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት በኋላ፥ በቶክዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን አሸነፈ። ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል፤ የሮማውን የራሱን ሰዓት ደግሞ በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሻሻለ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሁለቱን ወርቆች ነው፤ ይህን የ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነገር የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አልገጠመኝም።

የቦስተን ነገር ከተነሣ የዚያው ከተማ መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። ውድድሩ ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረግ፥ በማራቶን ዓለም እጅግ የተከበረ ነው። በ1948 ዓ.ም. አንቲ ቪስካሪ የተባለ ፊንላንዳዊ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ሲያሸንፍ ሰዓቱ ከልክ በላይ ፈጣን ስለ ሆነ ጥርጣሬ ተነሣ። መንገዱ እንደ ገና ቢለካ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ጐድሎ ተገኘ። ጐዳናው በየጊዜው ሲጠገንና ጠማማው ሲቃና ርቀቱ እያጠረ ሄዶ ኖሯል፤ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚያ ስድስት ውድድሮች «የግል ምርጥ ሰዓቴን አገኘሁ» ብሎ የተደሰተ ሁሉ ያገኘው የተሰረቀ መንገድ ነበር። ሯጮቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ቢሆንም ሰዓታቸው ከመዝገብ ወጣ።

ይህን ችግር ያቃለለው ተራ ቢስክሌት ነው። በእንግሊዝ ጆን ጁወል፥ በአሜሪካ ደግሞ በሔልሲንኪ ኦሎምፒክ ማራቶን የሮጠው ጥቁር አሜሪካዊ ቴድ ኮርቢት፥ በ1950ዎቹ ዓመታት የቢስክሌትን ጎማ ዙር እየቈጠሩ መንገድ የመለካትን ዘዴ አጥንተው ጻፉ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ አለን ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ከልጁ ጋር ሆኖ በቢስክሌቱ የፊት ጎማ ላይ የሚገጠም መቍጠሪያ ሠራ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ለኪው በብረት ሜትር በተለካ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቢስክሌቱን ደጋግሞ እየነዳ ጎማው ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ጊዜ እንደሚቈጥር ያጣራል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጎማው ስለሚነፋ ከልኬቱ በፊትም በኋላም ያጣራዋል። ከዚያ በኋላ የውድድሩን መንገድ ሲለካ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፥ ሯጭ ሊሮጥበት በሚችለው እጅግ አጭር መሥመር ይነዳል። በመጨረሻም መንገዱ ፈጽሞ እንዳያጥር በየ1,000 ሜትሩ 1 ሜትር ይጨምርበታል። የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚሮጥ ሰው እንግዲህ 10 ሜትር ምራቂ አለበት ማለት ነው፤ በየጠማማው ውጭ ውጩን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጥበታል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ በኒውዮርክ ታየ፤ በጥቅምት 1974 ዓ.ም. አልበርቶ ሳላዛር በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ሰበረ ተብሎ ከተጨበጨበለት በኋላ መንገዱ 150 ሜትር ያህል ጐድሎ ተገኘ።

መንገዱ ቢለካም የቦታው ከፍታ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ ሯጭ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ፥ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ በሚል ከፍታ፥ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው፤ ከአበበ የቶክዮ ሰዓት 8 ደቂቃ ይዘገያል። ማሞ ከአበበ 8 ደቂቃ ያንስ ነበር የሚል የሩጫ ሰው የለም። እንዲሁም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. በዶሃ ጐዳና 10 ኪሎ ሜትር በ27 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ሮጧል፤ ድሪባ መርጋ በኅዳር 1999 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን ሲያሸንፍ የወሰደበት ጊዜ 28 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነው። በኋላም ይኸው ድሪባ ቦስተንን በማራቶን አሸንፏል። ስለዚህ በመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ዳገት የሚወጣ የአዲስ አበባ ሰው ውጭ አገር ከሚኖር ዘመዱ ሰዓት ጋር የራሱን ቢያነጻጽር ራሱን ያለ ምክንያት ያሳዝናል። ሊያነጻጽር የሚገባው በዚያው መንገድ አምና ከሮጠው ጋር ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሳብ አመንጪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲሆን የተመዘገቡት 10,000 ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ቍጥሩ ከ40,000 በላይ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የኋለኛው የመነሻውን መሥመር የሚረግጠው ተኵሱ ከተሰማ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ስለሆነ በተኵሱ የተቈጠረ ሰዓት ለእርሱ ትርጕም የለውም። ከ1980ዎቹ ወዲህ በዓለም የመንገድ ሩጫዎች የተለመደው በጫማ ክር ላይ የሚታሰር ወይም በቍጥሩ ወረቀት ላይ የሚለጠፍ ቺፕ እያንዳንዱ ሰው መሥመሩን ከረገጠበት ጊዜ አንሥቶ እስኪጨርስ ድረስ ለየብቻው እንዲቈጠርለት አደረገ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሯጩ ሰኞ ማለዳ ቢሮ ሲገባ ባልደረባው የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። ጥያቄውን ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ነው፤ ተማሪው ካርዱን ይዞ ቤቱ ሲገባም የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ባለፈው መንፈቅ በሒሳብ 45 ያገኘ ልጅ ዘንድሮ 62 ቢያገኝ፥ የክፍል ጓደኞቹም አብረው ስላደጉ እንደ ቀድሞው 30ኛ ቢወጣ፥ ካርዱ ላይ የሚታየው 30ኛነቱ ብቻ ነው። መምህራን የሆኑ አንባቢዎች ይህን ከኔ ይልቅ ያውቁታል።

መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀነኒሳ በቀለ በበርሊን ማራቶን ሲሮጥ ዕድሜው 37 ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታትም ሁለት ማራቶን አቋርጦ ወጥቷል። በዚያ ቀን 1ኛ ሆኖ ሲገባ ሰዓቱ 2 ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ነበር። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ከያዘው የዓለም ሬኮርድ 2 ሰከንድ ዘገየ፤ በ2009 ዓ.ም. በዚያው ጐዳና ከሮጠው ከራሱ ምርጥ ሰዓት ግን 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀደመ።