ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ብስክሌት፦ አነሣሡና ለሙያችን ያለው ትምህርት

የአንድን መሣሪያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጥረው የተጨመረበትን ነው። የተራራ ብስክሌት ታሪክም በዚሁ ልማድ ሲተረክ፣ ማርሹ ከአንድ ተነሥቶ ከሃያ በላይ እስኪደርስ ያለፈበትን ደረጃ የሚዘረዝር ሆኖ ቈይቷል። ይሁን እንጂ በጋላቢው ቁመት ልክ ከአረብ ብረት ቱቦ እየተበየደ የሚሠራ ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ብስክሌት ዛሬም በትንንሽ ወርክሾፖች ይሠራል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል።

መነሻው በአሜሪካ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ያለው የማሪን አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ወጣቶች ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የተረፉ አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ በጠጠር መንገድ ቁልቁል ይነዱ ነበር። ብስክሌቶቹ ወፍራም ጎማ፣ አንድ ማርሽና ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ፍሬን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1976 በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ የመጀመሪያው የቁልቁለት ውድድር ተደረገ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ቁልቁለቱም 400 ሜትር ያህል ነው። ከፍሬኑ ግለት የተነሣ የኋላው ሞዞ ግራሶ እየጤሰ ስለሚያልቅ፣ ከውድድሩ በኋላ ሞዞውን ፈትቶ እንደ ገና መሙላት ግድ ነበር። መንገዱም «ሪፓክ» ማለትም «መልሰህ ሙላ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሮጌዎቹ ፍሬሞች ለዚህ ሥራ አልታሰቡምና ይጣመሙና ይሰበሩ ነበር። ስብራቱ ግን የትኛው ቦታ መጠንከር እንዳለበት አሳየ። ከጋላቢዎቹ አንዱ የነበረው ጆ ብሪዝ ፍሬም መሥራትን አስቀድሞ ተምሮ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ለተራራ ተብለው ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ፍሬሞች አንዱን ሠራ። የተጠቀመበትም ለአውሮፕላን አካል ይውል የነበረውን የክሮምና የሞሊብዲነም ቅይጥ አረብ ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ቶም ሪቺ ፍሬም እየሠራ፣ ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ እየገጣጠሙ መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ በጃፓን በብዛት የተመረተው «ስተምፕጃምፐር» ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ባለብዙ ማርሽ ብስክሌት ነገሠ፤ ዘግየት ብሎም አልሙኒየም አብዛኛውን ገበያ ከአረብ ብረት ወሰደ።

አረብ ብረት ግን ከልክ ሠሪው እጅ አልወጣም። ክብደቱ ከአልሙኒየም በሦስት እጥፍ ገደማ ቢበልጥም፣ ግትርነቱም በዚያው መጠን ይበልጣል፤ ስለዚህ ቀጭን ቱቦ ይበቃዋል። ጫፉ ወፍራም፣ መካከሉ ሥሥ የሆነው ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዝ አገር በሬይኖልድስ የፈጠራ መብት የተያዘበት ነው፤ ብረቱን ብየዳው በሚያርፍበት ቦታ ያከማቻል። ከሁሉም በላይ፣ በጣም ከፍተኛ ካልሆነ በስተቀር ተደጋጋሚ ጫና አረብ ብረትን አያደክመውም፤ አልሙኒየም ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም። የተሰነጠቀውንም አረብ ብረት በያጁ ሊጠግነው ይችላል።

የአንድ ማርሽ ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ባለብዙ ማርሽ ብስክሌት ላይ የካቴናውን ልልነት የሚያነሣው ባለ ስፕሪንግ ክንድ ነው። ክንዱ ሲወገድ ሥራው በፍሬሙ ላይ ይወድቃል። የካቴናው አንድ ዐይን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጠኛና ውጫዊ ዐይኖች እየተፈራረቁ ስለሚያያዙ ግን የሚቀነሰው በሁለት ሁለት፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናው ከላይና ከታች ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ቢያንስ የዚህን ግማሽ፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ያህል መንሸራተት አለበት። ይህን ቦታ ሠሪው ከመነሻው ካላሰበው በኋላ መፍትሔው ሌላ መወጠሪያ መጨመር ይሆናል።

የማርሹም ምርጫ እንዲሁ ነው። የፊቱ 32፣ የኋላው 16 ጥርስ ቢሆን፣ በ26 ኢንች ጎማ አንድ የፔዳል ዙር 4.1 ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ቢረገጥ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ለሜዳ ያነሰ፣ ለአቀበት የበዛ ነው። ጋላቢው አቀበት ላይ ተነሥቶ መሪውን ሲስብ ፍሬሙ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ሠሪው የቱቦውን ውፍረት ከመወሰኑ በፊት የሰውየውን ክብደት፣ ጉልበትና የሚሄድበትን ዳገት መጠየቅ አለበት። ሃያ ማርሽ ቢኖር የምርጫው ስሕተት ይሸፈን ነበር፤ በአንድ ማርሽ ግን ወዲያው ይታወቃል።

የብሪዝ የመጀመሪያ ፍሬም ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። እርሱ ባለብዙ ማርሽ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የተገኘው ከተሰበሩት ባለ አንድ ማርሾች ነው። በየወርክሾፓችን የሚወድቀውን ስብርባሪ፣ የት እንደ ተሰነጠቀና ምን ጫና እንደ ነበረበት ሳንመዘግብ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ የምንሰጥ ከሆነ፣ ለተከታዮቻችን የምናስረክበው የተጨመረውን ብቻ ነው። የተጨመረበት ምክንያት ከስብርባሪው ጋር ይጠፋል።