ዘበኛው ሲሳሳት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ወሬዬ የሚጀምረው ከብርብራ ነው። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ የማያውቅ ቢኖር ቡና ጥላ ሥር የሚያለማ ሰው ይጠይቅ። ጣናን በመሳሰሉ ውኆች ዳር የኖሩ ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ይወቅጡና ዱቄቱን ውኃው ላይ ይበትኑታል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሰክሮ ወደ ላይ ይመጣል፤ እነሱም ይለቅሙታል። ዓሣውን ያሰከረው ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ነው። ሮቴኖን ሕዋስ በኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል የሚያመነጭበትን መንገድ ይዘጋል፤ ዓሣው ውኃ መሀል ሆኖ ይታፈናል። የአማዞን ሰዎችም ከሌላ ተክል ሥር ያንኑ ሮቴኖን እያወጡ ዓሣ ያጠምዱበት ነበር። ፈረንጁ ደግሞ ከተክል የተገኘ ነውና አይጎዳም ብሎ ለብዙ ዘመን በአትክልቱ ላይ ሲረጨው ኖረ።

ብርብራውን እዚያው እንተወውና ካሊፎርኒያ እንሻገር። ጊዜው 1982 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ)። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሰው ሆስፒታል ገባ። አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፤ ክንዱን ቢያነሡለት እንደተነሣ ይቀራል። ዶክተር ዊልያም ላንግስተን ሲያየው ግራ ገባው። ነገሩ ሁሉ ፓርኪንሰን ይመስላል፤ ፓርኪንሰን ግን በአብዛኛው ዕድሜ ሲገፋ፣ ያውም በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ሕመም ነው። ይህኛው በአርባዎቹ ያለ ሰው፣ በቀናት ውስጥ ደርቆ ቀረ። ቆይቶ ሌሎችም ተገኙ፤ ስድስት ሆኑ። ሲጠየቅ ሲመረመር ሁሉም በደም ሥራቸው የወጉት በስውር ቤተ ሙከራ የተቀመመ ሐሰተኛ ሄሮይን ነው። ቀማሚው ሳያውቀው ኤምፒቲፒ የሚባል ነገር ገብቶበታል። ይህ ነገር አንጎል ውስጥ ሲደርስ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጥና ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም የሚሠሩትን፣ በፓርኪንሰንም የሚሞቱትን ነርቮች እየለየ ይገድላል። የተለወጠው መርዝ ኬሚካዊ ቅርጹ ሲታይ ደግሞ ፓራኳት ከሚባለው አረም ማጥፊያ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ!

ዓይን ሁሉ ወደ እርሻው ዞረ። በ2000 አትላንታ፣ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ቲሞቲ ግሪናማየርና ባልደረቦቹ ያንን የዓሣ መርዝ ሮቴኖንን ለአይጦች በደም ሥር ጥቂት በጥቂት ሲያንጠባጥቡላቸው ሰነበቱ። ሁሉም ባይሆኑ ከፊሎቹ አይጦች ፓርኪንሰን የሚመስል ጉዳት ደረሰባቸው።

እስካሁን መርዝ ገደለ ነው ያልኳችሁ። የነገሩ ሆድ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ኤምፒቲፒ ወስደው ከ3 እስከ 16 ዓመት የኖሩ ሦስት ሰዎች ሞቱና አንጎላቸው ተመረመረ፤ ውጤቱ በ1999 ታተመ። መርዙ ከገላቸው ከወጣ ስንት ዘመኑ! ማይክሮግሊያ የሚባሉት ሕዋሳት ግን ገና እንደተቆጡ፣ ነርቮቹን እንደከበቡ ተገኙ። ማይክሮግሊያ የአንጎል ዘበኞች ናቸው፤ ጀርም ሲገባ ይውጣሉ፣ የሞተውን ያነሣሉ። እዚህ ግን ሌባው ከሄደ በኋላም ዘበኛው መተኮሱን አላቆመም፤ ጥይቱም የሚያርፈው በቤተሰቡ ላይ ነው።

ኖርዝ ካሮላይና ያለው የአሜሪካ የአካባቢ ጤና ሳይንስ ተቋም ውስጥ እነ ጃው ሾንግ ሆንግ ይህን የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ፈተኑት። ነርቮቹን ብቻቸውን አድርገው ጥቂት ሮቴኖን ሲያቀምሷቸው ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ማይክሮግሊያ ሲጨመርባቸው ግን በዚያው መጠን እልቂት ሆነ። ታዲያ ቁጣውን ማብረድ ይቻል ይሆን? ዴክስትሮሜቶርፋን፣ ያ ተራው የሳል መድኃኒት፣ ኤምፒቲፒ የተወጉ አይጦችን ነርቮች ከጉዳት ሲከላከል ታየ።

ከዚያ የሰው ተራ ደረሰ። በ2011 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ136,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለስድስት ዓመት ተከታትለው ያገኙትን አወጡ፤ ቁጣ የሚያበርደውን የሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌንን አዘውትረው የሚወስዱት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ከማይወስዱት በ38 በመቶ ያነሰ ነበር። አስፕሪን ግን እንዲህ ያለ ነገር አላሳየም። ይህን ሰምቶ ወደ ፋርማሲ የሚነሣ ካለ ቁጭ ይበል። የታየው አብሮ መገኘት ነው፤ ክኒኑ አዳነ ለማለት አይበቃም። አይቡፕሮፌን ሲዘወተር ጨጓራ ሊያደማ፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። እኛ አገር መርዝ ረጭቶ ለመጣ ሰው «ወተት ጠጣበት» ይባላል፤ አሁን ደግሞ «ክኒን ዋጥበት» እንዳንል።

ደግሞ የሚኖሳይክሊንን ጉድ ስሙ። ይህ አንቲባዮቲክ የማይክሮግሊያን ቁጣ ያበርዳል ተብሎ፣ ኤምፒቲፒ በተሰጣቸው አይጦች ላይም ተስፋ አሳይቶ ነበር። ኤኤልኤስ በሚባለው ሌላ የነርቭ ሕመም ለተያዙ ከ400 በላይ ሰዎች ሲሞከር ግን፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ፈጥነው ደከሙ። ይህ በ2007 የወጣ ነው። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ዘበኛውን አፍዝዞ ቤቱን ማዳን እንደ አይጡ ቀላል አልሆነም።

አንድ ጥናት ልጨምርና ልተዋችሁ። አዮዋና ኖርዝ ካሮላይና ያሉ ገበሬዎችና መርዝ ረጪዎች ሲመረመሩ፣ ፓራኳት ወይም ሮቴኖን የተጠቀሙት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ተመራማሪዎች የዚያኑ ጥናት ሰዎች መረጃ እንደገና አገላበጡት፤ አሁን የጠየቁት ሲረጩ እጃቸው ላይ ምን እንደነበር ነው። የፓራኳት ጉዳት የታየው ጓንት የማዘውተር ልማድ በሌላቸው ላይ ነበር፤ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ጓንት ባጠለቁት ላይ አልታየም።