ጠገራ ብርና የዘካው ሒሳብ

ሰባተኛ ባሉ ነባር ቤቶች ከአያት የወረደ ጠገራ ብር ዛሬም ከሣጥን ስር ሊገኝ ይችላል። ማርትሬዛ የምንለው ይህ ገንዘብ መቼም ይመታ መቼ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የሞተችበት። ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህላል። በ1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ መገበያያነቱ ቀስ በቀስ ቀረ። ማዕድኑ ግን ዋጋ ስላለው አንጥረኞች እያቀለጡ ጌጥ ሠሩበት።

ታዲያ ማዕድን አይከስርም ማለት አይደለም። ከ1872 እስከ 1902 እ.ኤ.አ. የብር ዋጋ በለንደን ከግማሽ በታች ወረደ፤ ከባሕር ማዶ ጨርቅ ለሚያስመጣ ነጋዴ ጠገራው በእጁ እያለ አቅሙ አነሰበት። ወርቅም በ1980 እ.ኤ.አ. አንዱ አውንስ 850 ዶላር ደርሶ፣ በ1999 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወርዷል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ዘካውን ነው። የብር ኒሷብ በብዙ ዑለማዎች ስሌት 595 ግራም ነው። 26 ጠገራ ይህን ይሞላል፤ ዓመት ከዞረበት አርባኛው እጅ ይወጣል። በሚለበስ ጌጥ ላይ ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች ይለያያሉ፤ ለቁጠባ በተቀመጠው ላይ ግን ልዩነት የለም። ሣጥኑን ከፍታችሁ ቁጠሩ፤ ከሞላ ያለፉትን ዓመታት ጭምር የመስጊዳችሁን ዓሊም ጠይቁ።