ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች፤ ማደስ ወይስ እንዳሉ ማቆየት?

«ሮኬት» የተባለውን ዝነኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ እንግሊዝ አገር ሄዶ ዋናውን ባየ ጊዜ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። በሥዕሉ ላይ ሮኬት ቢጫና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ሲሊንደሮቹ ከኋላ ከፍ ብለው ወደ ፊት ያዘነበሉ፣ ለዓይን የሚያምር መሣሪያ ነው። በሙዚየም የቆመው ግን የጠቆረ ብረት ነው፤ የሥዕሉ ቀለም የለም፣ ሲሊንደሮቹ ዝቅ ብለው ተጋድመዋል፣ ብዙ ክፍሎቹም ከጥንት ጀምሮ ተነቅለው ጠፍተዋል። ተመልካቹም «ሙዚየሙ ገንዘብ አጥቶ ወይም ቸል ብሎ ነው እንጂ፣ ይህን የመሰለ ቅርስ እንዴት ሳይታደስ ይቀራል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገሩ ግን የገንዘብም የቸልታም ጉዳይ አይደለም። ሎኮሞቲቩ እንዲሁ የተተወው ታስቦበት ነው።

ሮኬት በኒውካስል ከተማ በሮበርት ስቲቨንሰን ፋብሪካ በ1829 ዓ.ም. ተሠራ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሬይንሂል በተባለ ሥፍራ በተደረገው ውድድር አሸንፎ የ500 ፓውንድ ሽልማት አስገኘ። ምሥጢሩ በቦይለሩ ውስጥ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ሎኮሞቲቮች የእሳቱን ሙቀት በአንድ ሰፊ ቱቦ ሲያሳልፉ፣ ሮኬት ሙቀቱን በ25 የመዳብ ቱቦዎች እያከፋፈለ ውሃውን እንዲያፈላ ሆኖ ተሠራ፤ ይህንንም ሐሳብ ያመነጨው ሄንሪ ቡዝ የተባለ የምድር ባቡሩ ኩባንያ ሹም ነበር። ይሁን እንጂ ሲሊንደሮቹ 38 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ስለ ተተከሉ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ሎኮሞቲቩ ይዋዥቅ ነበር። ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ ወደ 8 ዲግሪ ያህል ዝቅ ተደረጉ፤ ከቦይለሩም ፊት የጭስ ሳጥን ተጨመረለት። በ1836 ተሸጦ በሰሜን እንግሊዝ ወደሚገኝ የድንጋይ ከሰል መስመር ሄደ፤ ከሥራ ከወጣም በኋላ በ1862 ለሙዚየም ተሰጠ።

እንግዲህ ሥዕል ሠሪዎች የሚወዱት ያ የመጀመሪያ መልክ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የነበረ መልክ ነው። የሎኮሞቲቭ አሠራር በሬይንሂልና በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት መካከል በምን ያህል ፍጥነት እንደ ተለወጠ የሚመሰክረው ዛሬ በሙዚየም የቆመው የጠቆረው ብረት ነው። በ1999 ማይክል ቤይሊና ጆን ግሊቴሮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሮኬትን ክፍል በክፍል ፈትተው፣ ለክተውና መዝግበው ሲመረምሩት፣ ከተጻፉት ሰነዶች የማይገኝ ብዙ ነገር ከራሱ ከመሣሪያው አግኝተዋል። ለመሐንዲስ ባዶ የቀረ የቡሎን ቀዳዳ ጽሑፍ ነው፤ ከላዩ የተደረበ ላሜራም፣ ባንድ ወገን ብቻ የተበላ ዘንግም እንዲሁ ይነበባል። በ1862 አንድ ቅን አሳቢ ሎኮሞቲቩን «ወደ ቀድሞ ክብሩ» ልመልሰው ብሎ ቢነሣ ኖሮ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ ሲሊንደሮቹን ቀና አድርጎ፣ ቢጫ ቀለም ቀብቶ፣ ያን ሁሉ ምስክር በአንድ ወር ባጠፋው ነበር።

ሲሄድ ማየት ለሚሻ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ ተገኝቶለታል። በ1935 ውስጡ ተከፍቶ የሚታይ አምሳያ፣ በ1979 ደግሞ በራሱ እንፋሎት የሚንቀሳቀስ አምሳያ ተሠርቷል። የሚቃጠለውና የሚያልቀው አምሳያው ስለ ሆነ ከዋናው ላይ አንዲት ቡሎን አትጠፋም።

ክርክሩ በተሽከርካሪ አልተጀመረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ግንቦች ሲደረግ የነበረ ክርክር ነው። ፈረንሳዊው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ አንድን ሕንፃ ማደስ ማለት ምናልባት በየትኛውም ዘመን ወዳልነበረበት ምሉዕ መልክ ማምጣት ነው እስከ ማለት ደረሰ። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በበኩሉ በ1849 ባሳተመው መጽሐፍ እድሳት የተባለውን ሥራ ከጥፋት ሁሉ የከፋ ጥፋት አድርጎ ነቀፈው። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር መካከለኛውን መንገድ ይዞ፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ሲል ደነገገ። በእኛም አገር ቢሆን የብዙ ትውልድ አውራ ጣት ኅዳጉን ያጠቆረውን የብራና ዳዊት አይቶ «ይህን ፍቀህ አንጣልኝ» የሚል አዋቂ አይገኝም፤ ጥቁረቱ የጸሎቱ ታሪክ ነውና።

ነገር ግን ተሽከርካሪ ሕንፃ አይደለም። ሕንፃ ቆሞ ያገለግላል፤ ተሽከርካሪ የሚያገለግለው ራሱን እየበላ ነው። ኩሽኔታ ዘንጉ እንዳይጎዳ ራሱ እንዲያልቅ ታስቦ ከለስላሳ ብረት የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ በመሣሪያው ላይ የሚታየው መበላት አንዳንዱ ከመጀመሪያው በመሐንዲሱ የታሰበ ነው። ከዚህም በላይ የደኅንነት ጉዳይ አለ። እርጅና በመኪና በር ላይ ሲታይ ውበት ቢኖረው፣ በእንፋሎት ቦይለር ውስጥ ሲገኝ አደጋ ነው። የሳሳ ላሜራና የተሰነጠቀ ብረት ታሪካዊ ናቸው ተብለው ግፊት አይጫንባቸውም። አንድን አሮጌ መሣሪያ ለመንዳት የወሰነ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ብዙውን ክፍል ለመለወጥ ወስኗል።

ለዚህ «ፍላይንግ ስኮትስማን» ከተባለው ሎኮሞቲቭ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ1923 በዶንካስተር ተሠራ፤ በኅዳር ወር 1934 በሰዓት 100 ማይል (161 ኪሎ ሜትር ያህል) መሮጡ በይፋ ተመዘገበለት፤ በ1947 ወደ ሌላ ዓይነት ተለወጠ፤ በ1963 ከመደበኛ አገልግሎት ወጣ። በሥራ ዘመኑ ለጥገና በገባ ቁጥር ተጠግኖ የተዘጋጀ ሌላ ቦይለር እየተጫነለት ይወጣ ነበር፤ የራሱ ቦይለር ደግሞ ለሌላ ሎኮሞቲቭ ይሄዳል። ይህ የዘመኑ የጋራዥ ደንብ ነበር። ታዲያ «ዋናው» ስኮትስማን የቱ ነው? ብሔራዊው የባቡር ሙዚየም በ2004 በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶት፣ በ2006 የተጀመረው እድሳት እስከ 2016 ቆይቶ 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጣበት። ሲያልቅም የቀለሙ ነገር አከራከረ። ሕዝቡ የሚወደው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የነበረውን ብሩህ አረንጓዴ ከነቁጥሩ፣ ከ4472 ጋር ነበር። ነገር ግን የጭስ መከላከያ ክንፎቹ የተተከሉለት በ1961 ነው፤ በእነዚያ ክንፎች ላይ የድሮውን ቀለም መቀባት የአባትን ካባ በልጅ ሱሪ ላይ እንደ መደረብ ይሆናል። በመጨረሻ በጥቁር አረንጓዴው በ60103 ቁጥር ወጣ። ብዙዎች ቅር ቢሰኙም ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ቢያንስ በአንድ ዘመን በእርግጥ የነበረ መልክ ነውና። ይህ ሎኮሞቲቭ ሲሮጥ ታሪኩ አልተሰረዘም ለማለት የሚቻለውም፣ ዕድሜውን በሙሉ ክፍሉን እየለዋወጠ የኖረ በመሆኑ ነው። የሮኬትን ጉዳይ በዚህ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

ከመኪናም በኩል ምሳሌ አይጠፋም። በ1925 የተሠራች አንዲት ቡጋቲ በስዊስና በኢጣልያ ድንበር ከሚገኘው ከማጆሬ ሐይቅ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖራ በ2009 ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ላይ በጨረታ 260,500 ዩሮ አወጣች፤ የገዛትም አሜሪካዊ ሰብሳቢ እንደ ወጣች፣ ዝገቷን እንደ ለበሰች ለሕዝብ አሳያት። ቢያድሳት ኖሮ ሌሎች ብዙ ያሏት ዓይነት አንዲት ደኅና ቡጋቲ ባገኘ ነበር። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደሉባት መኪና ደግሞ ቪየና በሚገኘው የጦር ታሪክ ሙዚየም ቆማለች፤ የጥይቱን ቀዳዳ በስቱኮ ልድፈነው የሚል ሰው ቢነሣ እንደ እብድ ይቆጠራል። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ያወጣው የቱሪን ቻርተርም ይህንኑ መንፈስ ይከተላል፤ አዲስ የሚገባ ክፍል ተለይቶ እንዲታወቅ ምልክት ይደረግበት፣ የተሠራውም ሥራ ሁሉ ይመዝገብ ይላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው የምድር ባቡር ሥራ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። የድሬዳዋን ከተማ የወለደውም ይኸው ባቡር ነው። አዲሱ መስመር በ2016 ሲመረቅ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የአሮጌው ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚህም የተነሣ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና ሠረገሎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። ታድሰው አገር ያቋርጣሉ የሚለው ተስፋ በዚህ ልዩነት ምክንያት ከወዲሁ ተዘግቷል፤ የቀረው ጥያቄ እንዴት ይቆዩ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይታደስ» የሚለው ሐሳብ በእኛ ዘንድ ከሌላው አገር ይልቅ ጎጂ ይሆናል። ሎኮሞቲቩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው መልክ የኤውሮጳ መሐንዲስ ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈበት ግን የድሬዳዋ ሠራተኛ ታሪክ ነው። የ1936ቱ ወረራና የ1977ቱ ጦርነት መስመሩን ሲያናጉት፣ መለዋወጫ ከውጭ አልመጣ ሲል፣ ክፍሉን በቶርኖና በፍሬዛ ቀርጾ ባቡሩን ያስኬደው የድሬዳዋ ጋራዥ ነበር። ያ በእጅ የተቀረጸ ክፍል ከፋብሪካው ሥዕል ጋር ሲነጻጸር ስሕተት ይመስላል፤ አዳሹም «ባዕድ ነው» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ስለ ነበረው የመካኒክ ጥበብ በብረት የተጻፈ ማስረጃ ከተፈለገ፣ ያ የሚጣለው ቁራጭ ነው።

በሌላ ወገን የአስመራን ባቡር ማስታወስ ይገባል። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ፈርሶ ነበር። ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው፣ ሐዲዱን ዘርግተውና አሮጌዎቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አንቀሳቅሰው በ2003 አስመራ ደረሱ። በዚያ እድሳት የተረፈው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ሙያውም ነው፤ ሽማግሌው ለወጣቱ የሚያሳየው ሥራ አግኝቷልና። ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ይቀመጥ የሚል ሰው ለዚህ መልስ የለውም።

ስለዚህ በድሬዳዋ ከአንድ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ከአንድ በላይ የሚገኝ ከሆነ፣ ከእነርሱ አንዱ ተመርጦ ቢታደስና በግቢው ውስጥ ባለው አጭር ሐዲድ ላይ ቢንቀሳቀስ ጉዳት የለውም፤ ወጣት መካኒኮችም ይማሩበታል። ብቸኛ የሆኑት ግን አይነኩ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ወጪ ቀላል ነው፤ ዝናብና ፀሐይ የሚከለክል ጣራ፣ ዝገቱን የሚያቆም ቅባት፣ ከተሽከርካሪዎቹ ሥር ሣር የሚያጭድ አንድ ሠራተኛ። የቀለም ድርብርባቸው የሳንቲም ስፋት ባላት ቦታ ላይ ብቻ ተፍቆ ይመዝገብ፤ እያንዳንዱ በአገር ውስጥ የተሠራ ክፍል ተለክቶ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ማን እንደ ሠራውና ለምን እንደ ተሠራም በሕይወት ካሉት የጋራዡ ሠራተኞች ተጠይቆ ይጻፍ። ጣራው አንድ ዓመት ቢዘገይ ብረቱ ይታገሣል። የሠራተኞቹ ዕድሜ ግን ስለማይታገሥ፣ ሥራው ከዚህ ከመጨረሻው ቢጀመር ይሻላል።