ከአጣቢዎቹ በታች

የእኅቴ ልጅ የነርስነት ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ወፍራም ደብተር ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ ጨንቆኛል» አለችኝ። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ ሳደርገው የምርምር ዘዴ የሚባለውን ትምህርት በተራ ቁጥር ደርድራ ጽፋዋለች፤ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ መላምት፣ ናሙና፣ መረጃ አሰባሰብ፣ ትንተና፣ ሥነ ምግባር። ሁሉንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች። የጨነቃት ሌላ ነው። «ሁሉም ነገር ጥያቄ አለሽ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ጥያቄው ራሱ ከየት ይመጣል?»

እውነቷን ነው። የምርምር ዘዴ መጻሕፍት ጥያቄውን ተቦክቶና ተጋግሮ የቀረበ እንጀራ አድርገው ነው የሚነሡት። ስለ እርሾው የሚናገሩት ጥቂት ነው። እኔም የጤና ሰው ስላልሆንኩ መልስ ልሰጣት አልሞከርኩም፤ አንድ ታሪክ ግን ነገርኳት። ለአንባቢም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ 1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው የተመለሱ፣ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ያልሞላ ተመራማሪ ነበሩ። ያን ጊዜ ወደ አድዋ የወሰዳቸው ብልሃርዝያ ነው።

ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ግድ ይላል፤ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባም። የብልሃርዝያ ትል የሚኖረው በሰው ሆድ ዕቃ የደም ሥሮች ውስጥ ነው፤ ለዓመታትም ይኖራል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ወንዝ ወይም ኩሬ ከደረሰ ይፈለፈልና ውሃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባባታል። በእሷ ውስጥ ከተራባ በኋላ ጅራታም እጭ ሆኖ ይወጣል፤ ውሃው ውስጥ እግሩን የነከረ ሰው ካገኘም ቆዳውን በስቶ ይገባል። ስለዚህ የሚያዙት የሚዋኙ ልጆች፣ የሚያጥቡ ሴቶችና መስኖ የሚመሩ ገበሬዎች ናቸው። በዚያ ዘመን የነበሩት መድኃኒቶች በሽተኛውን ራሱን የሚያንገላቱ ስለነበሩ ብዙ ተስፋ የተጣለው መካከል ላይ ያለችውን ቀንድ አውጣ በመግደል ላይ ነበር። ገዳይ ኬሚካልም አልጠፋም፤ ግን ከውጭ በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዶክተር አክሊሉ ወደ ወንዙ የወረዱት መድኃኒት ፍለጋ አይደለም። የወረዱት ቀንድ አውጣዎች የትና ምን ያህል እንደሚገኙ ለማጥናት ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሱሪን ሰብስቦ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ እየለቀሙ መቁጠር። ሲቆጥሩ ነው እንግዲህ አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ የገባው። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው ይታያሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና አልነበረም። በእንዶድ ነው።

እንዶድን የማያውቅ የአገሬ ሰው ካለ ለከተማ ልጆች ይነገራቸው። በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ የሚባል፣ ዛፍና አጥር እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ ነጠላና ጋቢም ያነጣል። ያንን ወንዝ ስንት እናት፣ ስንት አያት በእንዶድ አረፋ እንዳለበሰችው እግዜር ይቁጠረው።

የእኅቴ ልጅ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «በቃ፣ ጥያቄው መጣላቸዋ!» አለች። መምጣቱስ መጣ። ግን የሞተ ቀንድ አውጣ ያየ ሁሉ ጥያቄ አያገኝም። ጥያቄ የሆነው ከላይ በኩል ያለውን ቀድሞ የቆጠረ ሰው ስላየው ነው። ከላይ ምን ያህል በሕይወት እንዳለ የማያውቅ ሰው ከታች የሞተውን ቢያይ «ቀንድ አውጣ ሞቷል» ብሎ ያልፋል። ማወዳደሪያ የሚሉት ነገር ከጥያቄው በኋላ የሚጨመር ቅመም ይመስለን ነበር፤ እዚህ ግን ጥያቄውን የወለደው እሱ ራሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው መንገድ ብዙ ሰው የሚስትበት ነው። እንዶድ ባለበት ቀንድ አውጣ ሞቷል፤ ስለዚህ እንዶድ ገደለው ማለት ቀላል ነው። ግን አጣቢዎች ባሉበት ብዙ ነገር አለ። ድንጋዩ ይገለበጣል፣ ጭቃው ይረገጣል፣ የልብሱ እድፍ ይወርዳል። ማን ገደለው? ዶክተር አክሊሉ ያደረጉት ነገር ከቀላልነቱ የተነሣ ያስቃል። ከላይ በኩል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቅመው በዕቃ አደረጉ፤ ከአጣቢዎቹም አንዷን ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የወንዙ መረገጥና የድንጋዩ መገልበጥ በአንዲት ዕቃ ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው። ልብሱ ግን ገና አልወጣም፤ አረፋው የመጣው ከሚታጠብ ልብስ ነውና። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ፍሬውን ብቻ አድርቀውና ፈጭተው ከውሃ ጋር በማዋሐድ ምርመራውን ቀጠሉ።

አረፋውን የጨመረችው ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ስሟን ሲጠቅስ የሰማሁት ሰውም የለም። ከእንዶድ የተገኘው መርዛም ንጥረ ነገር በኋላ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተለይቶ ሲወጣ በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። ይገባቸዋል፤ አልነፍጋቸውም። ግን በዚያች ዕቃ ላይ የነበሩት እጆች ሁለት ሰዎች ነበሩ።

በ1966 ዶክተር አክሊሉ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ ወደዚያው ወደ አድዋ ተመልሰው ትልቁን ሙከራ አካሄዱ። አሁን ጥያቄው ተለውጧል። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ወይ የሚለው ተመልሷል። ቀንድ አውጣ ሲሞት ሰው ይድናል ወይ? የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የሕዝብ ጤና ጥናት ከቤተ ሙከራ ጥናት የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በብልቃጥ ውስጥ የሚሞት ነገር በወንዝ ላይሞት ይችላል፤ በወንዝ ቢሞትም ሌላ ከላይ ተጠርጎ ሊመጣ ይችላል፤ ባይመጣም ሰዉ ሌላ ወንዝ ገብቶ ሊያዝ ይችላል።

ለአምስት ዓመት የከተማው ውሃ በእንዶድ ሲታከም ከቆየ በኋላ በሽታው በሕዝቡ ላይ የነበረው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን ቢሆን እኔን አያሳምነኝም። ዝናቡ ተለዋውጦ ቢሆንስ? በሽተኞች ከተማውን ለቀው፣ ጤነኞች ገብተው ቢሆንስ? ሰዉ ስለ በሽታው ሲሰማ ወንዝ መግባት ትቶ ቢሆንስ? ደግሞም በተቃራኒው፣ አንድ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ትሉ ቀድሞ በደም ሥሩ ውስጥ ስላለ ወንዙ ቢጸዳም ባይጸዳም ለዓመታት በሽተኛ ሆኖ ይቆጠራል። ማለትም ይህ ቁጥር የዛሬውን ወንዝና የትናንቱን ወንዝ አደባልቆ የያዘ ነው።

ተመራማሪዎቹ የልጆቹን ቁጥር ለብቻው ማውጣታቸው ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ ሥርጭቱ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ የአራት ዓመት ልጅ ከምርመራው በፊት የነበረውን ወንዝ አያውቀውም፤ ገና አልተወለደም ነበር። በሆዱ ትል ካለ ያገኘው ከታከመው ውሃ ነው፤ ከሌለም ውሃው ስላልሰጠው ነው። ሕፃኑ የወንዙ ምስክር ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ዝናቡ ተለዋውጦ ቢሆንስ የሚለውን ጥርጣሬ ይህም ቢሆን ጨርሶ አይዘጋውም። ነገር ግን ማንን መቁጠር እንዳለበት ያወቀ ሰው ካልተመረጠ ሕዝብ ሺህ ሰው ከመቁጠር የበለጠ እንደሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። የእኅቴ ልጅ «ናሙና» በሚለው ቃል አጠገብ በእርሳስ ኮከብ ሣለችበት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል ተረት ነበር። አላበቃም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች ጥያቄ አነሡ። እንዶዱ ለሰውና ለሌላው ፍጥረት ጉዳት እንደሌለው በታወቀ የቤተ ሙከራ አሠራር ደንብ፣ ደንቡን በሚያሟላ ቤተ ሙከራ ይረጋገጥ አሉ። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ያን ጊዜ በአገራችን አልነበረም፤ ወጪውም የሚቻል አልነበረም። ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉና አብረዋቸው የደከሙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 በስዊድን «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ፣ ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብለው ለማመን የሚቸገሩ ሰዎችና ድርጅቶች መኖራቸውን ዶክተር አክሊሉ በምሬት ተናግረዋል።

በዚህ ነገር ላይ የእኛ ሰው ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አንድ ወገን ይዞ ነው። ነጮቹ ተመቀኙን ይላል፣ ያበቃል። እኔ ግን ጥያቄውን ራሱን ልከላከልለት እወዳለሁ። እንዶድ መርዝ ነው። ጠጥተውት የተጎዱ ሰዎች እንዳሉ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዓሣም ይገድላል። «አያቶቻችን ለዘመናት አጥበውበታል» የሚለው ክርክር ልብስ ለማጠብ እንጂ ውሃውን ለሚጠጣ ሰው ማስረጃ አይሆንም። በእጅ መንካትና በሆድ ማስገባት አንድ አይደለም። ስለዚህ መመርመሩ ተገቢ ነበር። ተገቢ ያልሆነው ሌላ ነው፤ ማስረጃውን የጠየቀው አካል ማስረጃው የሚገኝበትን ገንዘብና ቤተ ሙከራ በጊዜው አላቀረበም። አምጣ ብሎ መንገዱን መዝጋት ጥርጣሬ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ምርመራው በመጨረሻ ካናዳውያንና ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች ተሳትፈውበት ተካሄደ፤ ውጤቱም በ1991 ታተመ። ዓይንን ክፉኛ ከመቆጥቆጡና ዓሣን ከመጉዳቱ በቀር ለተባለለት ሥራ ቢውል ያን ያህል የሚያሠጋ ሆኖ አልተገኘም። በዚህ መሐል ግን ዶክተር ለገሠ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢ የእንዶድ ዝርያዎችን እየሰበሰቡ ሲያወዳድሩ፣ «ዝርያ 44» የተባለውንም ብርቱ ገዳይ ሆኖ ሲያገኙት፣ ዓለም ወደ ሌላ ፊቱን አዙሮ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕራዚኳንቴል የተባለ፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት መጣ። ዋጋውም እየቀነሰ ሲሄድ ቀንድ አውጣ መግደል ሁለተኛ ነገር ሆነ። ዛሬም በአገራችን የብልሃርዝያ ቁጥጥር በዋናነት የሚካሄደው በየትምህርት ቤቱ በሚታደለው በዚሁ መድኃኒት ነው። የተዋጠው ክኒን ትሉን ይገድላል፤ ልጁ በማግሥቱ ተመልሶ ወንዝ ሲገባ ግን ቀንድ አውጣዋ እዚያው አለች።

እንዶድ ራሱ ሌላ ዕጣ ገጠመው። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ትናንሽ ባለዛጎል እንስሳት መዓት ወርዶ ነበርና በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከዶክተር አክሊሉ ጋር ሞክሮ እንዶድ እነሱንም እንደሚገድል ታየ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1990ዎቹ የፈጠራ መብት አወጣበት። የአድዋ አጣቢዎች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

የእኅቴ ልጅ ደብተሯን ዘጋች። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ ለተግባር ልምምድ በተመደበችበት ጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ ስትገለብጥ አንድ ነገር አይታ እንደነበር ነገረችኝ። ሦስተኛውን ክትባት ሳይወስዱ የሚቀሩት ሕፃናት አብዛኞቹ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ይመስላታል። ቀበሌው ከወንዝ ማዶ ነው።

«ወንዙ ሞልቶ ይሆናላ» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል። ግን የዚያን ቀበሌ ካርድ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ የቀጠሮ ቀን እየተሳሳተ ቢሆንስ?» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። ቡና እየፈላ ነበር፤ ቆይተሽ ጠጪ ብላት እንቢ አለች። መጀመሪያ በበጋ የቀሩትን መቁጠር አለብኝ ብላ ሄደች።