ኳሱን ማስቆም

ተማሪዎቼ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የአውቶቡሱን ታሪክ ነበር። ጊዜው ዲሴምበር 1969 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ቦታው ለንደን። ስፕሪንግቦክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ቡድን ከእንግሊዝ ጋር ሊጋጠም ነው፤ አውቶቡሱ ሆቴሉ ደጅ ቆሟል። አንድ ሱፍ የለበሰ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው መጥቶ ሾፌሩን በዘዴ አስወረደው። ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣና ራሱን ከመሪው ጋር በሰንሰለት ቆለፈ፤ ሞተሩን አስነስቶም ነዳ። ሩቅ አልሄደም፣ ተጋጭቶ ቆመ።

ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥሎ አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ይሄ ሰላማዊ ተቃውሞ ነው እንዴ?» ይላል። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። «ማንንም አልመታም» የሚሉ አሉ፤ «ሰው የተሳፈረበት መኪና ሰርቆ ነድቷል» የሚሉም አሉ። ደወል እስኪደወል ይከራከራሉ። እኔም ጡረታ ወጥቼ እንኳ ከዚያ ክርክር አልወጣሁም። ዛሬ በየኦሊምፒኩና በየዓለም ዋንጫው ዋዜማ ይኸው ጥያቄ ሲነሳ ስሰማ፣ ሰዎች አዲስ ነገር ያገኙ እየመሰላቸው ይገርመኛል። ከሃምሳ ዓመት በፊት በደንብ የተፈተነ ጉዳይ ነው። ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን አለንበት።

ራግቢ ለደቡብ አፍሪካ ነጭ ገዢዎች ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነበር። ጥቁር ለብሔራዊ ቡድን አይታጭም፤ ስታዲየም ቢገባም ለብቻው ታጥሮ ነው። ንግድ ላይ ማዕቀብ ቢጣል ነጋዴው ይሰማው ይሆናል፤ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ሲቀር ግን ተራው ነጭ ሳሎኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ዓለም እንደጠላው ያውቃል። የአፓርታይድ መንግሥትም ይህን አላጣውም። ከኬፕታውን ሄዶ ለእንግሊዝ በክሪኬት የሚጫወተው ባሲል ዶሊቬራ፣ ዘሩ «ክልስ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው፣ በ1968 ወደ ትውልድ አገሩ በሚሄደው ቡድን ውስጥ ሲካተት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፎርስተር ቡድኑን አልቀበልም አለ። ጉዞው ተሰረዘ። «ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» የሚለውን ተረት ያፈረሰው እንግዲህ ሰልፈኛ ሳይሆን ራሱ ፎርስተር ነው።

እንግሊዞች ይህ ሁሉ ሆኖም በ1969 መጨረሻ የራግቢ ቡድኑን፣ በ1970 በጋ ደግሞ የክሪኬት ቡድኑን ጋበዙ። በዚህ ጊዜ ብቅ ያለው የ19 ዓመት ተማሪ ፒተር ሄይን ይባላል። ያደገው ፕሪቶሪያ ነው፤ ወላጆቹ አፓርታይድን በመቃወማቸው እገዳ ተጥሎባቸው በ1966 ከአገር ወጡ። የዚህን ልጅ አቋም ለመረዳት ጆን ሃሪስን ማወቅ ያስፈልጋል። ሃሪስ የቤተሰቡ ወዳጅ ሲሆን፣ ደቡብ አፍሪካ ከኦሊምፒክ እንድትባረር ይታገል የነበረው ሳንሮክ የተባለው ድርጅት ሊቀመንበር ነበር። በጁላይ 1964 ጆሃንስበርግ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቦምብ አኖረ። ቦታው እንዲለቀቅ በስልክ አስጠንቅቆ ነበር፤ ግን አልተለቀቀም። አንዲት አሮጊት ሞቱ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ። ሃሪስ በኤፕሪል 1965 ተሰቀለ። በቀብሩ ላይ፣ አባትየው በእገዳው ምክንያት መናገር ስለማይችሉ፣ ጽሑፉን ያነበበው የ15 ዓመቱ ፒተር ነው።

በልቡ ምን እንደተመላለሰ አልገምትም። ሥራው ግን ግልጽ ነው። «የሰባውን ጉዞ አስቁሙ» ብሎ የሰየመው እንቅስቃሴ ሕጉ ይህ ነበር፦ ሰው አትንኩ፣ ጨዋታውን አስቁሙ። አጥር ዘልሎ ሜዳ መግባት፣ መሐል ላይ መቀመጥ፣ ፖሊስ ሲያነሳህ መዝለፍለፍ። በተጫዋቾቹ የሆቴል በር ቁልፍ ውስጥ ማጣበቂያ ያስገቡም ነበሩ። የኦክስፎርድ ሜዳ ሣር በአረም ማጥፊያ መድኃኒት ተጻፈበት፤ የመጀመሪያው ግጥሚያ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ትዊክንሃም ተዛወረ፣ ስፕሪንግቦክም በተማሪዎች ቡድን 6 ለ 3 ተሸነፈ። በዚያ ጉዞ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከዌልስ ጋር ካደረጓቸው አራት ዋና ግጥሚያዎች አንድም አላሸነፉም። ሌሊቱን ሙሉ ደጃፉ ላይ ሲጮህበት ያደረ ቡድን እንዴት ይጫወታል?

ደም የፈሰሰው በኖቬምበር ስዋንሲ ላይ ነው። ያፈሰሱት ግን ተቃዋሚዎቹ አይደሉም። ለሜዳው ጠባቂነት የተመለመሉ የራግቢ ወዳጆች ሣሩ ላይ የተቀመጡትን ልጆች እየጎተቱ ደበደቧቸው፤ መንጋጋው የተሰበረ አለ። በማግስቱ ግን «ነውጠኛ» የሚለው ቃል የዋለው ለተደበደቡት ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ሁሌም የምጠረጥረው ይህንን ነው፦ ነውጠኛ ማን እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የትኬቱ ባለቤት ነው።

በሌላው በኩል ዴቪድ ሼፐርድ ነበሩ። የዉሊች ጳጳስ ናቸው፤ ቀድሞ የእንግሊዝ የክሪኬት ቡድን አምበል፣ በ1960ም ከደቡብ አፍሪካ ጋር አልጫወትም ያሉ ሰው። እሳቸው የመሠረቱት ዘመቻ ሰልፍ፣ ደብዳቤና ውይይት እንጂ ሜዳ መግባትን አይፈልግም። የጳጳሱ ወገኖች «ወጣቶቹ ሕዝቡን እያስቀየሙብን ነው» ይላሉ፤ ወጣቶቹ «አሥር ዓመት ተለመነ፣ ምን መጣ?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔ ግን መሐል ላይ ቆሜ አላጨበጭብም። ጳጳሱን የባለሥልጣን ቢሮ ያስገባቸው ሜዳ የገባው ልጅ ነው። ሎርድስ የተባለው የክሪኬት ሜዳ በእሾሃማ ሽቦ ባይታጠር ኖሮ፣ ክሪኬት በእሾሃማ ሽቦ ውስጥ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብሎ የጠየቀ ባልነበረ።

መንግሥትን ያስጨነቀው ሒሳቡ ነው። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ስንት ፖሊስ? የጁኑ ምርጫ ደርሷል። ከዚያም የኮመንዌልዝ ጨዋታ በጁላይ ኤድንብራ ላይ ይደረጋል፤ የአፍሪካ አገሮች «ክሪኬቱ ከተካሄደ አንመጣም» ብለዋል። ሜይ 1970 የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ካላሃን ጉዞው እንዲሰረዝ ጠየቀ፤ ተሰረዘ። (ምርጫውን ፓርቲው ያም ሆኖ ተሸነፈ።) ሄይን በ1972 በአንድ የሕግ ባለሙያ የግል ክስ ቀርቦበት፣ ከበርካታ ክሶች በአንዱ ብቻ ጥፋተኛ ተብሎ 200 ፓውንድ ተቀጣ። ጥፋቱም ብሪስቶል ውስጥ የቴኒስ ሜዳ ላይ መቀመጥ።

«የአፍሪካ አገሮች አንመጣም አሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልጆቹ ዝም ብለው ያልፉታል። እኔ እዚያ ላይ አቆማቸዋለሁ። አለመምጣት ራሱን የቻለ የትግል ስልት ነው፤ በዚህም ከቀደሙት አንዱ የኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በፌብሩዋሪ 1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲመሠረት አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ወይ የነጮች ወይ የጥቁሮች ቡድን እናመጣለን እንጂ የተቀላቀለ አናመጣም አለ። ይድነቃቸውና የሱዳንና የግብፅ ባልደረቦቻቸው እንዲያ ከሆነ አትጫወቱም አሉ። ዓለም ገና ስለ አፓርታይድና ስፖርት ሳያወራ ማለት ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ድልድል ደግሞ ኢትዮጵያን የመደበው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ስለዚህ ኳስ ሳንነካ ፍጻሜ ደረስን፤ እዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈን፣ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ለመርህ የቆመ ሁሉ ዋንጫ ይበላል ያለ የለም።

ያችው ኢትዮጵያ ግን ስትታይ አንድ መልክ ብቻ የላትም። በ1962 ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ተኩስና ፈንጂ የተማረው እዚሁ ነው፤ ሲሰናበት ከአሠልጣኞቹ አንዱ የነበሩት ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከነጥይቱ ሰጥተውታል። በአንድ እጃችን ጠመንጃ እያስተማርን በሌላው ከሜዳ እንወጣ ነበር። ተማሪዎቼ «ታዲያ ኢትዮጵያ የየትኛው ወገን ናት?» ሲሉኝ፣ የሁለቱም እላቸዋለሁ። መንግሥታት እንደ ክርክር ክበብ ከሁለት አንዱን አይመርጡም።

በፌብሩዋሪ 1968 የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካን ወደ ሜክሲኮ ሲጋብዝ፣ ወዲያው አንሄድም ካሉት ቀዳሚዎቹ አልጄሪያና ኢትዮጵያ ነበሩ። ሌሎች ተከተሉ፤ በኤፕሪል ግብዣው ተነሣ። እኛም ሄድን፣ ማሞ ወልዴም ማራቶኑን አሸነፈ። ድንጋይ አልተወረወረም፣ ሣር አልተቃጠለም። አለመምጣት ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

በ1976 ግን ዋጋ አስከፈለ። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን፣ የሶዌቶ ልጆች በተገደሉበት ሰሞን፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወታል። አፍሪካውያን ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትውጣ አሉ፤ ኮሚቴው ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም፣ አያገባኝም አለ። ወደ 30 የሚጠጉ አገሮች ቀሩ፣ ኢትዮጵያም። ኒውዚላንድ ቆየች፤ የ1500 ሜትሩንም ወርቅ የወሰደው የእሷው ጆን ዎከር ነው። ላሲ ቪረን 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር አልነበረም። ምሩጽ በሙኒክ በ10 ሺህ ነሐስ አግኝቶ፣ የ5 ሺህ ማጣሪያው አምልጦት ነበር፤ በሞንትሪያል ሊክስ የሚችለውን እስከ ሞስኮ 1980 መጠበቅ ግድ ሆነበት። እሱስ ደርሶለታል።

የሰፈሬ ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት፣ ጋሼ የምላቸው፣ በወጣትነታቸው ሯጭ ነበሩ። ሰላማዊውና ነውጠኛው የሚለው ክርክር ሲነሣ ትዕግሥታቸው ያልቃል። «ድንጋይ የወረወረው በራሱ እጅ ነው የወረወረው። እኛን ግን መንግሥት በእግራችን አድማ መታብን። ጠየቁን እንዴ?» ይላሉ። አለመምጣትን ሰላማዊ የምንለው ደም ስለማይታይበት ነው። ተከፋዩ ግን ሌላ ቦታ አለ፤ ስልጠናውን ጨርሶ ሻንጣውን የፈታ ሰው። ሜዳ የገባው የለንደን ተማሪ የከፈለው የራሱን ነው፤ በዚህ በኩል ከሚኒስትሮቻችን ይልቅ እሱ ይበልጥብኛል። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሯጮቹን ሳይጠይቁ መወሰናቸው ግን ትክክል አልነበረም።

ስለ ኒውዚላንድ 1981 ባጭሩ። የ1977ቱ የኮመንዌልዝ ስምምነት ከአፓርታይድ ጋር መጫወትን ይኮንን ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ማልዱን ግን ስፕሪንግቦክን አላገደም። ሃሚልተን ላይ ወደ 350 ሰዎች አጥሩን ጥሰው መሐል ሜዳ ቆሙ፣ አንድ አብራሪ ደግሞ በሰረቀው ትንሽ አውሮፕላን እየመጣ ነበርና ግጥሚያው ተሰረዘ። በቀጥታ ሊያዩ የተነሡ የደቡብ አፍሪካ ነጮች በቴሌቪዥናቸው ያዩት ሰልፈኛ ነው። በመጨረሻው ግጥሚያ ኦክላንድ ላይ ሌላ አውሮፕላን ስታዲየሙ ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ የዱቄት ከረጢት ጣለ፤ አንዱ የኒውዚላንድን የራሷን ተጫዋች መታ። እዚህ ላይ እኔ እለያለሁ። በሰው የተሞላ ስታዲየም ላይ ከአውሮፕላን ዕቃ የሚጥል ሰው በሌላ ሰው አካል ላይ ቁማር እየተጫወተ ነው። ማልዱንም ያንኑ ዓመት በጠባብ ልዩነት ተመረጠ፤ ነውጥ ወገን እንደሚያሳጣ የሚናገሩት ይህን ይጠቅሳሉ፣ መልስም ይገባቸዋል። በ1985 ኒውዚላንድ የራሷን ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ልትልክ ስትል ያስቆሟት ሁለት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ጉዞው የራግቢ ማኅበሩን የራሱን ደንብ ይጥሳል ብለው ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም ጉዞውን አገደ። ያንን ክስ የገፋፋው ግን የ1981 ትዝታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1992፣ ደቡብ አፍሪካ ወደ ኦሊምፒክ ስትመለስ፣ ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትር አሸንፋ፣ ሁለተኛ ከወጣችው ከደቡብ አፍሪካዊቷ ነጭ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያንን ምስል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1976 የቀሩትን ስም ጠይቁ፤ ምሩጽን ይሉና ዝም ይላሉ። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ለሞንትሪያል ሲሠለጥን የነበረ ሰው፣ ሯጭም ሆነ ቦክሰኛ ወይም ብስክሌተኛ፣ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካለ፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ፊቱ አስቀምጡና ጠይቁት፦ ማን ነገረህ? ምን አልክ? በኋላስ ምን ሆንክ? ዕድሜያቸው ገፍቷልና በዚህ ዓመት አድርጉት።