የሞተር ሳይክል ፑሽሮድ እና ሊፍተር

ፑሽሮድ እና ሊፍተር የካምሻፍትን እንቅስቃሴ ወደ ቫልቭ የሚያደርሱ ሁለት የሞተር ክፍሎች ናቸው። ሊፍተር በካምሻፍቱ ላይ አርፎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ አጭር፣ ድቡልቡል ብረት ነው። ፑሽሮድ ደግሞ ከሊፍተሩ በላይ የሚቆም ቀጭን ዘንግ ነው። ዘንጉ በቴስታታው ላይ ያለውን ሮከር አርም ሲገፋ፣ ሮከሩ በጋራዦች «ቫልቮላ» የሚባለውን ቫልቭ ይከፍታል። ግፊቱ ሲነሳ ቫልቩን መልሶ የሚዘጋው ሞላው ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ በሃርሊ ዴቪድሰን ባለ ሁለት ሲሊንደር ትልልቅ ሞተሮች ላይ አዲስ ፑሽሮድና ሊፍተር እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚስተካከል ያብራራል።

አሠራር

በባለ አራት ምት ሞተር ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። የካሙ ጉብታ ከሊፍተሩ ሥር ሲደርስ ቫልቩ ይከፈታል፤ ክቡ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ይዘጋል።

ሊፍተር ሁለት ዓይነት ነው። ድፍኑ ሊፍተር በውስጡ ተንቀሳቃሽ ነገር ስለሌለው፣ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ ቫልቩ ሳይዘጋ እንዳይቀር ትንሽ ክፍተት ይተውለታል። ለምሳሌ በፑሽሮድ በሚሠራው ሆንዳ ሲጂ 125 ይህ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ሃይድሮሊክ ሊፍተር ግን በውስጡ ትንሽ ፒስተን፣ ሞላና ዘይት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክዳን አለው። በዘይት ግፊት እየተሞላ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋል፤ ስለዚህም ድምፁ ዝቅተኛ ነው።

ታሪክ

በ1903 እ.ኤ.አ. በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተው ሃርሊ ዴቪድሰን በ1936 እ.ኤ.አ. ቫልቮቹ በቴስታታው ላይ የሆኑ በፑሽሮድ የሚሠራ ትልቅ ሞተር አወጣ። በ1948 እ.ኤ.አ. የአሉሚኒየም ቴስታታና የሃይድሮሊክ ሥርዓት ተጨመረ። በ1984 እ.ኤ.አ. ኢቮሉሽን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ካምሻፍት ያለው ትዊን ካም ተከተሉ። በ2017 ሞዴል የቀረበው ሚልዋኪ ኤይት ስምንት ቫልቭ ቢኖረውም ያሉት ፑሽሮዶች አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሮከር ሁለት ቫልቭ ይከፍታልና።

የሚቀየሩበት ምክንያት

በሊፍተሩ ታች ያለው ሮለር በቀጫጭን የመርፌ ኩሽኔቶች ላይ ይዞራል። እነዚህ ካለቁ የብረት ስብርባሪ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የዘይት ፓምፑንና ካምሻፍቱን ያበላሻል። ካምሻፍት ሲቀየር ወይም ቴስታታው ሲላግ ደግሞ የፑሽሮዱ ትክክለኛ ርዝመት ይለወጣል። የፋብሪካው ፑሽሮድ አንድ ወጥ በመሆኑ እሱን ለማውጣትና ለመግጠም የሮከሩን ቤት መፍታት ግድ ነው። ተስተካካይ ፑሽሮድ ግን አጥሮ ስለሚገባና በቦታው ስለሚረዝም የሮከሩ ቤት ሳይነካ ይገጠማል። አሮጌው ፑሽሮድ በብረት መቁረጫ መቀስ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ቁርጥራጭ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ዙሪያው በጨርቅ ይሸፈናል።

ዝግጅት

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው። የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላዎቹ ይወጣሉ። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ትልቁ ማርሽ ከገባ፣ ጎማውን ወደፊት በማዞር ሞተሩን ማዞር ይቻላል። አዲሶቹ ሊፍተሮች በንጹሕ ዘይት ተቀብተው ይገባሉ። በትዊን ካም ሊፍተሩ በቦታው እንዳይሽከረከር የሚይዘው ፒን መመለሱ ይረጋገጣል። የፑሽሮድ መሸፈኛ ቱቦዎቹ ኦሪንጎችም በአዲስ ይተካሉ። በእነዚህ ሞተሮች ወደ ውጭ ያሉት ሁለቱ ፑሽሮዶች የጭስ ማውጫ፣ መሐል ያሉት ሁለቱ ደግሞ የማስገቢያ ቫልቮች ናቸው። ርዝመታቸው ስለሚለያይ መቀያየር የለባቸውም።

ማስተካከል

1. የሚስተካከለው ሲሊንደር ፒስተን በእመቃ ምት መጨረሻ ላይ እንዲሆን ሞተሩ ይዞራል። በካንዴላው ቀዳዳ ላይ የተደረገ ጣት በአየር ከተገፋ ምቱ እመቃ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሊፍተሮች በካሙ ክብ ክፍል ላይ ናቸው።

2. ፑሽሮዱ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀሱ እስኪቀር ድረስ ይረዝማል፤ ነገር ግን በሁለት ጣት መሽከርከር አለበት። ይህ ዜሮ ክፍተት ይባላል።

3. ከዜሮው ተነሥቶ የፑሽሮዱ አምራች በሚያዘው ዙር ልክ ይረዝማል። ዓላማው የሊፍተሩን ውስጣዊ ፒስተን ወደ ጉዞው መካከል አካባቢ ማድረስ ነው።

4. ማጥበቂያው ዳዶ ፑሽሮዱን ሳያዞር ይጠብቃል።

5. በሊፍተሩ ውስጥ ያለው ትርፍ ዘይት እስኪወጣ ይጠበቃል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ፑሽሮዱ እንደገና በጣት ሲሽከረከር ቫልቩ ተዘግቷል ማለት ነው።

6. ከዚያ በኋላ ብቻ ሞተሩ ዞሮ ሁለተኛው ሲሊንደር በተመሳሳይ መንገድ ይስተካከላል።

የዙሩ ቁጥር ያለ ብሎኑ ጥርስ ትርጉም የለውም። በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ባለው ፑሽሮድ አራት ዙር 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 24 ጥርስ ባለው ግን 4.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአንዱን መመሪያ ለሌላው መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው።

ስሕተቶችና መዘዛቸው

አምስተኛው ደረጃ ሲዘለል ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ሞተሩ ይዞራል፤ ፒስተኑ ቫልቩን ሊመታና ፑሽሮዱም ሊጣመም ይችላል። በጣም የረዘመ ፑሽሮድ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ስለሚያደርግ እመቃው ይቀንሳል፤ ውሎ አድሮም ቫልቩ ይቃጠላል። በጣም ያጠረ ደግሞ የማያቋርጥ መንቋቋትና የክፍሎች መበላት ያስከትላል።

ከሥራው በኋላ

ካንዴላዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ሞተሩ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ በኃይል አይገፋም፤ ልኬቱ እንደገና ይታያል። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ ሊፍተሮቹ በዘይት እስኪሞሉ ለጥቂት ደቂቃ መንቋቋቱ የተለመደ ነው። ሞተሩ ሞቆም ድምፁ ካልጠፋ ወይም የዘይት ግፊት መብራቱ በርቶ ከቀረ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ልኬቱና የዘይቱ መስመር ይመረመራሉ።